ሂሷን የዋጠችው ሲስተር

ይህን ነገር ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። እኔና ሲስተር የዝና፣ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶች ነበርን። የሚተካን ስለሌለ አንዱን ተረኛነት ሳንጨርስ ሌላው ይመጣብናል። አንድ ጠዋት ከጅጋ የመጡ አዛውንት ገበሬ በእሷ እጅ አረፉ። ዓይናቸውን ከድና፣ ጋቢያቸውን አልብሳ፣ ወዲያው የሚያጣጥር ሌላ በሽተኛ ስለነበረባት ወደ እሱ ሮጠች። የሟቹ ልጅ፣ ሐዘንተኛ ነውና አይፈረድበትም፣ "ይቺ ሴት አንጀት የላትም እንዴ? እግዜር ያጥናህ እንኳ አትለኝም?" ብሎ ከሰሳት።

በዚያው ቀን ግምገማ ተጠራን። የክፍላችንን ደጃፍ ረግጦ የማያውቀው ሰብሳቢ፣ "ሲስተር፣ ለሕዝቡ ርኅራኄ የለሽም ተብሏል። ይኼ የአመለካከት ችግር ነው። ሂስሽን ዋጪ!" አላት።

የዝና ብድግ አለች። "እውነት ነው፤ አልቆብኛል። ድሮ ለእያንዳንዱ ሟች አለቅስ ነበር። አሁን ሰው ሲሞት የሚታየኝ አልጋ መለቀቁ ነው። እኔም ራሴን ፈራሁት። እባካችሁ ሰው ጨምሩልን።"

ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ፣ "ጥሩ፣ ሂሷን ውጣለች፤ እናጨብጭብላት!" አይል መሰላችሁ? ቤቱ አጨበጨበ።

"ለምኑ ነው ጭብጨባው? እሷ የለመነችው ሰው ነው እኮ!" ብዬ ጮህኩ።

"ያንተ ተራ ሲደርስ ትናገራለህ" አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የዝና ሥራዋን ለቃ ቡሬ እህል ንግድ ገባች። ሰው ጨምሩልን ብለን፣ ያለችንንም አጣን።