ያልተሰነጠቀው ወለል

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከሆሳዕና ጃጁራ በምትሄድ ላንድሮቨር ውስጥ አንድ ግንበኛና ጎረቤቱ እማማ ከኋላዬ ያወራሉ።

«የጃጁራ ገበሬ ማኅበር የሞተር ወፍጮ ትናንት ሥራ ጀመረ አሉ?»

«ቀኑን ሙሉ ሲፈጭ ዋለ፣ እማማ።»

«ወለሉስ? እንዳምናው ሥራህ ከተሰነጠቀ ሥራ የሚሰጥህ የለም።»

«ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለችበትም! ዘንድሮ ፌሮውን አበዛሁት።»

«ፌሮህን ተወው! እርጥቡን ሲሚንቶ ፀሐይ እንዳያደርቀው በምን ሸፈንከው?»

«በእርስዎ እንሰት ቅጠል።»

«ሸፍነው ያለህስ ማነው?»

«እርስዎ።»

«ቆጮስ ካልሸፈኑት ይደርቅ የለ! ውሃውንስ ማን ሲያጠጣው ሰነበተ?»

«እርስዎ ነዎት! እንግዲህ ግንበኛው እርስዎ፣ እኔ የቀን ሠራተኛ!»

«በል፣ እሱን የማኅበሩ ሊቀመንበር ፊት ድገመው።»

እኔም ጃጁራ ልሸጣቸው የጫንኳቸውን የእጅ ወፍጮ ድንጋዮች በእግሬ ቀስ አድርጌ ወደ መቀመጫው ስር ገፋኋቸው።