ሃያ ዘጠኝ ወይስ ሃያ ስድስት

አዋሽ ላይ ጎሚስታው ሰይድ በባትሪ የሚሄድ የተራራ ብስክሌት ሊገጣጥምልኝ ተስማማንና የጎማውን ቁጥር፣ ትልቁን ሃያ ዘጠኝ ኢንች ወይስ ትንሹን ሃያ ስድስት፣ ምረጥ ተባልኩ። ጉልበቴ ደክሟል፤ በዚህ ዕድሜ አንዴ ከወደቅሁ መነሳቴን እንጃ። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ የከባድ መኪና ሾፌሮችን ስጠይቅ ሰነበትኩ። ሁሉም «ትልቁ ጎማ ድንጋይ ላይ ይሻልዎታል» ስላሉኝ ሃያ ዘጠኙን አስገጠምኩ።

ሰይድ ከኋላ ደግፎኝ ኮርቻው ላይ ስወጣ፣ ግመሎች የሚነዳ አንድ አፋር ቆሞ አየኝ።

«አባ፣ ግመሎቼ መንገድ ሲያቋርጡ ትቆማለህ አይደል?»

«እንዴታ! እቆማለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ትወርዳለህ? ግመል እንኳ ተንበርክኮ ያወርድሃል። ይሄ ይንበረከካል?»

ቁልቁል ባይ እግሮቼ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ለካ ስለ መሄድ እንጂ ስለ መቆም ማንንም አልጠየቅሁም!

«ሰይድ ልጄ፣ እንዳትለቀኝ!»

«ወላሂ አለቅዎትም፣ አባባ» አለኝ እየሳቀ።

እዚያው ዝቅ ወዳለው ሃያ ስድስት ሰፊ ጎማ ቀየረልኝ። አፋሩም ሳላይ አልሄድም ብሎ ጥላ ስር ጠበቀ። ያለ ደጋፊ እስከ ግመሎቹ ነዳሁና በሁለት እግሬ መሬት ረግጬ ቆምኩ። ሰውየው ግመሎቹን ገለል አደረገና፣ «አሁን እለፍ» አለኝ።