በማስመሪያ የሚበላ ትል

— ሄሎ! ... እህ፣ አሁን ገና ስልክ እንዳለህ ትዝ አለህ? ሰባት ጊዜ ነው የደወልኩልህ! ... ማሳ ውስጥ ነበርክ። ደግ። ከማን ጋር? ከመድኃኒት መርጫው ጋር?

— አትሳቅ! ሱቄ ውስጥ ቆሜ ነው የማወራህ። ፊት ለፊቴ የማዶው ልብስ ሰፊ ተቀምጠዋል፤ ጠዋት ያወረድክልኝን ጥቅል ጎመን ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል። ... አዎ፣ እሳቸው፣ ባለቤታቸው የታመሙባቸው። ... ጋሼ፣ አይነሱ፣ ወንድሜ ነው፣ አንዴ ብቻ ይታገሱኝ።

— ምን ሆነ ትለኛለህ? ቅጠሉን አንድ በአንድ ገልጠው ባንኮኒዬ ላይ ዘረጉት። ከዚያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና የቀዳዳዎቹን ርቀት ለኩት። ለኩት እኮ ነው የምልህ! «ልጄ፣ ይኼ ትል በማስመሪያ ነው እንዴ የሚበላው?» አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

— የምን ወፍ! ወፍ ሲበላ ይቦጫጭቃል እንጂ እንዲህ መስመር ጠብቆ ይበሳል? ሁለት ቀዳዳ፣ ዘለል፣ ሁለት ቀዳዳ፣ ዘለል... ዳር እስከ ዳር! ... አትማልብኝ። መሐላህን ለሌላ ቀን አስቀምጠው።

— ረጭተሃል? አዎ ወይም የለም በለኝ። ... መቼ? ... ከትናንት ወዲያ! ጠርሙሱ ላይ «ከተረጨ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው እንዳይሰበሰብ» አይልም? ማንበብ ተሳነህ?

— አውቃለሁ፣ ትሉ አስቸገረህ። ... ግማሹን ማሳ ጨረሰው፣ ሰማሁ። ታዲያ ምላስ የለህም? «እህቴ፣ ዘንድሮ አልቻልኩም፣ ረጭቻለሁ» ብትለኝ ምን ነበረበት? ቀኑን ጠብቀህ ታመጣልኝና በዚያኛው መደርደሪያ እደረድረው ነበር፤ በተረጨ ስሙ! የተረጨ መሸጥ ነውር ነው ያለህ ማን ነው? ግማሹ ሱቄ የተረጨ ነው። አጥባችሁ ብሉ ብዬ እሸጣለሁ፣ እኔም አጥቤ እበላለሁ። ይኼኛው መደርደሪያ ግን «መድኃኒት ያልነካው» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ በእኔ እጅ የተጻፈ! ሰውየው የሚስታቸውን ጤና አደራ ብለው የሚገዙት እሱን ጽሑፍ አምነው ነው። መርዙን እንኳ ይቅር ልልህ እችል ነበር፤ ቀዳዳውን ግን አልችልም!

— ማን? እኔ? ... እኔ ነኝ ያልኩህ?

— እሺ፣ ብያለሁ። ባለፈው ወር ትሉን በእጅህ እየለቀምክ ያሳደግከውን ንጹሕ ጎመን መልሼብሃለሁ። «ቀዳዳ ካላየ ሰው አያምነኝም፣ የተበላ አምጣ» ብያለሁ። አፌን በቆረጠው! ... አዎ፣ ጥፋቴ ነው፣ አልካድኩም። ግን ትል የበላውን አምጣ አልኩህ እንጂ ራስህ ትል ሁን አልኩህ?

— ቆይ። ቆይ፣ ቆይ... ይኼን አንተ አይደለህም የበሳኸው። አንተ የሸሚዝህን ቁልፍ እንኳ አዛንፈህ ነው የምትቆልፈው። ሁለት ቀዳዳ፣ ዘለል... የቤታችን መጋረጃ ጠርዝ ነው! ... እማዬ ናት? ... በኪሮሽ መርፌዋ? ... ምን ብለሃት?

— አየር እንዲገባው! ዕድሜዋን ሙሉ ውሸት አልወድም ስትል የኖረችን ሴት በአየር ሸወድካት? ... አገናኘኝ። ... አገናኘኝ ብያለሁ!

— እማዬ... ደህና ነኝ። ... ድምፄ? አይ፣ ከሰው ጋር ስጨቃጨቅ ነው። ... ደርሶኛል። አዎ፣ አየሁት። ... ቀጥ ብሏል እማዬ፣ አንዱም አልተዛነፈም። ... ለማን? ... ለታመሙት ሴትዮ ብለሽ? የልብስ ሰፊውን ጎመን ለብቻው ነው የሠራሽው... በደንብ እንዲተነፍስላቸው...

— ... አለሁ፣ አለሁ። ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነው። ... ምን? ጣትሽን ምን አደረገሽ? ... ያሳክክሻል? ከመቼ ጀምሮ? ... በባዶ እጅሽ ነው የያዝሽው? ... ዓይንሽን አትንኪ! በዚያ እጅ ዓይንሽን እንዳትነኪ፣ እማዬ። ... አይ፣ ምንም አይደለም። ስልኩን ስጪው። አሁኑኑ ስጪው።

— ሰማህ? ጣቷ ተቃጥሏል! ማሳከኩን ሳትነግርህ ነው እየበሳች የዋለችው። ... አታልቅስብኝ! ለቅሶህን ጨርሰህ አይደለም፣ አሁን! እጇን በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠብላት፣ ልብሷን ቀይርላት፣ ጠርሙሱን ይዘህ ጤና ጣቢያ ውሰዳት። ሐኪሙ ምን ነካት ሲልህ እሷ ፊት ትናገራለህ። አየር እንዳትለው! ከአንተ አፍ ትስማው። ካልነገርካት እኔ መጥቼ አንተን አስቀምጬ እነግራታለሁ።

— ቆይ፣ አትዝጋ፣ አንተም ስማ። ... ጋሼ፣ ይኼ ጎመን መድኃኒት ተረጭቶበታል። ከትናንት ወዲያ። የበሳው ትል አይደለም፤ የእኛ ቤት ነው። ባለቤትዎ ቀምሰውታል? ... አልቀመሱም? ... እርግጠኛ ነዎት? ... ተመስገን። ... አይ፣ የበፊቱን አይጠይቁኝ ጋሼ፣ ከዛሬ በፊት የወሰዱት ንጹሕ ነበር፤ ግን አሁን እመኑኝ ብል በየትኛው ፊቴ? ... እርስዎ ረጅም ነዎት፤ ከመውጣትዎ በፊት ያቺን ጽሑፍ ከመደርደሪያው ያውርዱልኝ። ... አዎ፣ ይቅደዷት።

— ሰማህ ሲቀደድ? ... ሄሎ? ... አሁንም ስልኩን ይዘህ ቆመሃል? ምን ትሰማለህ፣ ዝጋና እጇን እጠብላት!