ለመታጠቢያ ቤት የተሠራው ሲሊኮን

ማጣሪያ ገንዳ ማለት፣ እትዬ፣ የቆሸሸ ውኃ በአንድ በኩል ገብቶ፣ በስፖንጅና በጠጠር መካከል ቀስ ብሎ አልፎ፣ በሌላው በኩል ንጹሕ ሆኖ ወደ ዓሣዎቹ የሚመለስበት የመስታወት ዕቃ ነው። ወደ ጎረቤት ኮርኒስ የሚወርድበት አይደለም። ይህን ከዛሬ ጀምሮ እርስዎም እኔም ለይተን አውቀናል።

ይቀመጡ እንጂ። እሱን ይተዉት፣ ርሷል፤ ይኼኛው ይሻላል። ጉልበትዎ እንዴት ነው? በዚህ ጉልበት ደረጃ መውጣትዎ… እኔ ነበርኩ መውረድ የነበረብኝ። ግን መወልወያውን ለማን ልስጠው? ቤት ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዱ እኔ ነኝ፣ ሌላው ደግሞ ባለሙያ ናቸው።

ድምፄን ልቀንስ? ለምን፣ እትዬ? የማንን ስም ጠራሁ?

ባለቤቴ እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ አምስት ዓሣዎች አደራ ሰጥታኝ ሄደች። አንድ በአንድ ተሰናበተቻቸው። እኔን «በል» ብላኝ ወጣች። በማግስቱ የማጣሪያው ጥግ ማንጠብጠብ ጀመረ። ሱቅ ሄዶ ለዓሣ ገንዳ የሚሆን የመስታወት ማጣበቂያ፣ ሲሊኮን፣ ገዝቶ መምጣት ብቻ ነበር። ግን ቤት ውስጥ ሊቅ እያለ ሱቅ መሄድ ነውር አይሆንም? ሳይጠሩ ይመጣሉ፣ ሳይጠየቁ ይመልሳሉ፣ ሳይጀምሩ ይጨርሳሉ… እንዲህ ያለ ሰው በስንት ቤት ይገኛል? ባለቤቴን ያሳደገ የአባቷ እጅ ደግሞ እንዴት «ቆይ» ይባላል?

ከመታጠቢያ ቤታቸው የተረፈ የሲሊኮን ቱቦ ይዘው መጡ። መነጽሬን አድርጌ ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ «ሻጋታን ይገድላል። ለዓሣ ገንዳ አይሆንም።» አነባበቤ እንኳ ጥሩ ነበር። «ይኼ የተጻፈው ሙያ ለሌለው ሰው ነው» አሉኝ። እኔም… ራሴን ነቀነቅሁ። ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት በአራሚነት የሠራሁ ሰው ነኝ፣ እትዬ። የሰው ስሕተት በቀይ ሳሰምር ነው ያረጀሁት። ያን ቀን ግን በእጄ የነበረው ባትሪ ነው፤ አበራላቸው ነበር።

«አሮጌውን ልፋቀው?» ብላቸው፣ «አሮጌው ለአዲሱ መሠረት ነው» አሉኝ። እንዴት ያለ አነጋገር ነው! ልጽፈው ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። አዲስ ሲሊኮን በአሮጌ ላይ እንደማይዝ የተማርኩት ዛሬ፣ እርስዎ በሩን ሲያንኳኩ ነው። «ገና ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ አልደረቀም መሰለኝ» ብልም፣ «አፍንጫህ ነው» አሉኝ። አፍንጫዬን ከእሳቸው አብልጬ ላምን ነው? ያኑ ዕለት ውኃ ሞላን። ፎቶም ተነሣን። ማለቴ… እሳቸው ተነሡ፣ እኔ አነሣሁ።

ሥራውማ ያምር ነበር፤ አይካድም። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ። ሻጋታ የሚባል ድርሽ አላለበትም። ሌላውም ሕይወት ያለው ነገር እንዲሁ… ትናንት ጠዋት ሦስቱ ተንሳፈፉ። ዛሬ ደግሞ ጥጉ ከላይ እስከ ታች ተከፈተ፤ የቀረውን እርስዎ ያውቁታል።

የተረፉት ሁለቱ ባልዲ ውስጥ ናቸው። ትልቁ አለ፤ ባለቤቴ ዘጠኝ ዓመት ያሳደገችው። ፊቱን ግን አዙሮብኛል። ነገ ትመጣለች። ማታ ደውላ «ደኅና ናቸው?» ስትለኝ «ሁለቱ በጣም ደኅና ናቸው» አልኳት። ስልኩ ተዘጋ። እኚህ ሰው ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር? «አይዞህ፣ እኔ አስረዳታለሁ» ብለው አጽናኑኝ። «ባትሪውን ደኅና አድርገህ አለመያዝህን እነግራታለሁ።»

የእርስዎንም ኮርኒስ አልረሱትም፤ «ወርጄ ልሥራላቸው» ብለዋል… ምነው ተነሡ?

በሉ እንግዲህ፣ አብረን እንመርቃቸው። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። የገዛ ቤታቸውን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው፣ የማንም እጅ ሳይገባበት፣ በገዛ እጃቸው ብቻ ይሥሩ… ሠርተውም ዕድሜ ልካቸውን ከሥሩ ይኑሩበት።