የወዲያ ማዶ አምባሳደር

እህቴን ልጠይቅ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ጎማ እስኪቀየርለት መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ ነበር። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ እንዲህ ያለውን መዘግየት ይወደው ነበር፤ ጋዜጣውን ዘርግቶ ያነብልኛል። እሱ ከሞተ ወዲህ መጽሐፍ ይዤ መጓዝ ለምጃለሁ። የዚያን ዕለት ግን አንድ ገጽ አልገለጥኩም፤ የኋላውን ወንበሮች የያዙት የኮሌጅ ተማሪዎች አውቶቡሱን የሰርግ ቤት አስመስለውት ነበር።

ልጆቹ የሚሄዱት በሌላ ከተማ ወደሚደረግ የዲፕሎማሲ ልምምድ ጉባኤ ነው። እያንዳንዱ የአንድ አገር አምባሳደር ሆኖ ይከራከራል። ሁሉም ሱፍ ለብሰዋል፤ የብዙዎቹ የተዋሰ መሆኑን እጅጌው ያሳብቃል። ጓደኞቹ «ቀጭኔ» የሚሉት አንድ ረጅም ልጅ፣ «ክቡር ሊቀ መንበር፣ አገሬ ይህንን አጥብቃ ትቃወማለች» እያለ ሲለማመድ፣ ሻንጣ ተሸክሞ የሚያልፈው ረዳት «አገርህ መጀመሪያ እግሯን ከመተላለፊያው ትሰብስብ» አለው።

ልኩን የጠበቀ ሱፍ የለበሰችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሊሸኟት ገቡ። ኮሌታዋን ሲያስተካክሉ ደረቷ ላይ ያለውን ካርድ አነበቡ፤ እጃቸውም እዚያው ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የምወክላት አገር ናት፣ አባዬ።»

«የወንዝ ማዶዋ?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ሱፉን ትሰፋልኝ ነበር?»

«አልሰፋም።»

«አየህ?»

«አየሁ። አንተ ረዳት፣ የልጄን ሻንጣ አውርድልኝ፤ ቀርታለች።»

የልጅቷ ፊት ተለወጠ። አብሯቸው የሚጓዘው መምህር ከወንበሩ ተነስቶ፣ ዓመቱን ሙሉ ለዚህ ቀን ስትዘጋጅ እንደኖረች፣ እሷን የሚተካ ሰውም እንደሌለ አስረዳቸው። እሳቸውም በትሕትና አዳምጠው ምክንያታቸውን ተናገሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማዶው መንግሥት ድልድዩን በድንገት ዘግቶ፣ የእሳቸውን ጨርቅ የጫነ መኪና ወዲያ ማዶ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ቆሞ ቀረ። ጨርቁ በሰበሰ፤ ሱቃቸውም ከመዘጋት የተረፈው በስንት መከራ ነው።

«አባባ» አለ ቀጭኔ፣ «እኔ የምወክለው የእኛን አገር ነው። እሷ ከቀረች ተከራካሪ የለኝም፤ ትልቅ ድል ነው።»

«ወንድሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ፣ ሳላስበው ገብቼ። «ብቻውን የሮጠማ መቼ ተቀድሞ ያውቃል? ይህ ልጅ ወዲያ ማዶ ያለውን የሚነግረው ከሌለ ምን ተምሮ ይመለሳል?»

ልብስ ሰፊው ወደ እኔ ዞሩ። «እህቴ፣ የተማሩ ይመስላሉ፤ አክብሬ ልጠይቅዎ። ቤትዎን ላፈረሰ ሰው ልጅዎ ጠበቃ ልሁነው ብላ ብትነሳ ይመርቋታል?»

ይህን ጥያቄ ቶሎ የሚመልስ፣ ምንም ያልፈረሰበት ሰው ብቻ ነው።

ልጅቷ ግን ወደ አባቷ ቀረበች። «አባዬ፣ አንድ ነገር እሺ በለኝና እወርዳለሁ። አንተ ማዶኛ ሁን፤ ድልድዩን የዘጋኸው አንተ ነህ። እኔ ደግሞ ጨርቄ የበሰበሰብኝ ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ምን ዓይነት እብደት ነው?»

«ጎማው እስኪገባ ድረስ ብቻ።»

«ተያቸው፣ ፈርተው ነው» አለ ቀጭኔ።

«ማን? እኔ?» ልብስ ሰፊው ደረታቸውን ነፍተው መተላለፊያው መሐል ቆሙ። በማዶኞቹ ለማሾፍ አፋቸውን ጠመም አድርገው «ዘጋነው። ደስ ስላለን ዘጋነው» አሉ።

«ጌታዬ፣ ደስ ብሎት የገዛ ገበያውን የሚዘጋ ሰው አለ? የእናንተ ነጋዴስ አልከሰረም?»

«ከስሯል እንጂ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የድልድዩ እግር ተሰንጥቆ ነበራ። ያውም በእናንተ በኩል ያለው። ሁለት ክረምት ሙሉ ጠግኑ ብለን ለመንናችሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁ። ልጆቻችን በዚያ ድልድይ ላይ ነው ትምህርት ቤት የሚሻገሩት። ሰው ይዞ ቢወድቅ ማንን ልትወቅሱ ነበር? እኛኑ። ጨርቅህ በሰበሰ ትለኛለህ፤ ጨርቅ ይሻላል ወይስ ሕፃን?»

ማሾፉን ረስተውት ነበር። አፋቸው ተቃንቷል፣ ጣታቸው ወደ ልጃቸው ተቀስሯል። ከፊት የተቀመጠች ነርስ «እውነታቸውን ነው» አለች። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው ራሳቸውን ሰሙት መሰለኝ፤ ጣታቸውን ቀስ ብለው አጠፉ።

«እግሩ መሰንጠቁንማ አውቅ ነበር» አሉ በገዛ ድምፃቸው። «ኮት ያሰፋ አንድ መሐንዲስ ነግሮኛል። ንዴቴ አስረሳኝ እንጂ።» ቀጥለውም «እኔም ብሆን እዘጋው ነበር» አሉ።

ወዲያው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ግን ዕቃችንን ማውጫ አንድ ሳምንት መስጠት አቃታቸው?»

«ይኸውልህ» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗ እያበራ። «ጉባኤው ላይ የማነሳው ይህንኑ ነው። ድልድይ ከመዘጋቱ በፊት ለነጋዴው ጊዜ ይሰጠው፤ ጥገናውንም ሁለቱ አገሮች ይካፈሉት። የሚፈሩትን ሳላውቅ በምን አስማማቸዋለሁ? ለእነሱ መናገሬ አንተን መክዳት አይደለም፣ አባዬ። ያንተ ጨርቅ አንዴ በስብሷል፤ የሌላው እንዳይበሰብስ ነው።»

«ሰውስ ምን ይላል?»

«የልብስ ሰፊው ልጅ አንደበቷ የተባረከ ነው ይላል» አልኳቸው።

ካርዱን ደረቷ ላይ አቃኑላት። «ከሄድሽ አይቀር አንጀታቸውን አርሺው። እኛ ራሳችን እንዲህ አልተናገርንም እስኪሉ ድረስ።» ከዚያ ወደ ቀጭኔ ዞሩ። «አንተስ፣ የእኛ አምባሳደር፣ ስለ ተሰነጠቀው እግር ምን ልትመልስ አሰብክ?»

ቀጭኔ ወረቀቱን አገላበጠ። «አጥብቀን እንቃወማለን።»

«ምኑን? ስንጥቁን?»

ሳቁ አውቶቡሱን ሊገለብጠው ደረሰ። ሞተሩ ተነሳ፤ ረዳቱም «ሸኚዎች ውረዱ» አለ። ልብስ ሰፊው ንቅንቅ አላሉም።

«እስከሚቀጥለው ከተማ ትኬት ቁረጥልኝ። ይህን ረጅም ልጅ ሳላለማምደው ብልከው አገራችን መሳቂያ ትሆናለች።»

«ሱቁስ፣ አባዬ?»

«ሱቅ ድልድይ አይደለም፤ ለአንድ ቀን ቢዘጋ ማንም አይጎዳም።»

ይህን ታሪክ የጻፍኩት፣ ልጆቻቸውን ለእንዲህ ያለ ጉዞ ለመልቀቅ የሚያመነቱ ወላጆች እንዲያነቡት ነው። የባላጋራውን ክርክር በገዛ አፉ የሞከረ ሰው ወገኑን አይክድም፤ እንዲያውም ወገኑ የት ላይ እንዳጠፋ፣ የት ላይስ እንደተበደለ ለይቶ ያውቃል። ጠቡ ያጥርለታል፣ ንግዱ ይሰነብትለታል፣ ቂሙም ልጆቹ የሚወርሱት ሀብት አይሆንም። ወጣቶች ይህን በጊዜ ቢለማመዱት፣ ነገ በእውነተኛው ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ የሚዘጉት ድልድይ ያንሳል፤ ሲዘጉም ምክንያታቸውን ይናገራሉ።

አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ሲወጣ ልብስ ሰፊው ተማሪዎቹ መሐል ቆመው፣ በአንድ እጃቸው የወንበር ጀርባ ይዘው ነበር።

«በሉ» አሉ፣ «አሁን ደግሞ እኔ የእኛ አገር ልሁን። ማን ይገጥመኛል?»