ሦስቴ የወጣች እጅ

በኛ ጊዜ እጅ ማውጣት ቁም ነገር ነበረች፣ ስሙኝማ። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ነው ያረጀሁት። እዚያ ማሽኑ ሲጮህ የጎንህን ሰው እንኳ አትሰማም፣ እና ማሽንህ የቆመ እንደሆነ እጅህን ታወጣለህ፣ መካኒኩ አይቶ ይመጣል። ካላወጣህ ቆሞ ይውላል። ጆሮዬን የደፈነውም ያው ጩኸት ነው።

ታዲያ ጡረታ ወጣሁና ደሴ ገባሁ፤ አምና የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ፣ ሄድኩ፣ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሊቀ መንበሩ ያወራል፣ ያወራል፣ እኔ የማየው ከንፈሩን ነው። "የምትደግፉ" አለ መሰለኝ፣ ሰው እጁን አወጣ፣ እኔም አወጣሁ። "የምትቃወሙ" ሲል ከፊቴ አንዱ ራሱን ሊያክ እጁን አነሳ፣ እኔም ደግሜ አወጣሁ። "ድምፀ ተአቅቦ" ሲልማ ብቻዬን አወጣሁ፣ እንዳይቀርብኝ ብዬ። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ቤት ስገባ ይቺ ባለቤቴ ዘሐራ ምን ተባለ ብትለኝ፣ ጥሩ ስብሰባ ነበር አልኳት። ወላሂ፣ እንዲሁ ነው ያልኳት። በሳምንቱ ሠራተኞች መጡና ደጃችን ያለውን የውሃ ቦኖ ነቅለው ታች አስፋልቱ ዳር ሊወስዱት ቁፋሮ ጀመሩ። የኛን ዳገት ታውቁታላችሁ፤ የሷንም ጉልበት ታውቁታላችሁ። በዚያ ጉልበት ጀሪካን ይዛ ያን ዳገት ልትወጣ ነው። ማን ፈቀደ ብላ ጠየቀች።

"ሕዝቡ ነው እማማ፣ እጁን አውጥቶ" አላት አንዱ።

ዞር ብላ አየችኝ። አፈርኩ ልጆቼ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ታዲያ ቤት ለቤት ዞራ ጎረቤቱን ብትጠይቅ፣ ለካ ግማሹ ጆሮው ደህና ሆኖ ሳለ እንደኔው ነው ያወጣው! እና ተሰብስበው ቀበሌ ሄዱ፣ ቁፋሮው ቆመ፣ ስብሰባው ይደገም ተባለ። አሁን እሷ ከጎኔ ተቀመጠች። ሊቀ መንበሩ "የምትደግፉ" ሲል ክንዴ ልማዷ ነውና ብድግ ልትል፣ ይዛ አስቀረቻት። ያኔ ፋብሪካው ትዝ አለኝ። ይሄም ማሽን ቆሟል አልኩና በራሴ አወጣኋት።

"ምን ፈለጉ ጋሽ ሰይድ?"

"አልሰማሁም ልጄ። ምኑን ነው የምንደግፈው? ቦኖው ለምን ይነሳል?"

ሊቀ መንበሩ የያዘውን ወረቀት ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። "እኔም ከላይ እንደመጣልኝ ነው ያቀረብኩት" አለ። አይ ሊቀ መንበር! ለካ እሱም እንደኛው እጁን አውጥቶ ኖሯል። ከዚያ ሰው ሁሉ ይጠይቅ ጀመር፣ እጅም ተቆጠረ፣ ቦኖው ይኸው ደጃችን አለ።

"ነገም ስብሰባ አለ ጋሽ ሰይድ" አለ እቤቱ ተቀምጠው ወጉን ከሚሰሙት አንዱ። "ይመጣሉ?"

ዘሐራ ከጓዳ መለሰች፦ "ይመጣል። አንዴ ብቻ እንደሚያወጣት ግን እፊታችሁ ይማልልኝ።"