የተቆላ አፈር

ዳቦ ልገዛ ስወጣ የጎረቤቴን የእህት ልጅ በራቸው ላይ ቆማ አገኘኋት። የተሸፈነ ባልዲ ይዛለች፤ የወትሮ ፈገግታዋ የለም።

«ጋሼ፣ እባክዎ አብረውኝ ይግቡ። ብቻዬን ከገባሁ አጎቴ ያባርሩኛል» አለችኝ።

እኔ በሰው ጠብ መሐል ጥልቅ ማለት አልወድም እያልኩ ሁልጊዜ ጥልቅ እላለሁ። ልጅቱ በምርምር ጣቢያ ስለ መድኃኒት ዕፀዋትና በአፈር ውስጥ ስለሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት የምታጠና ናት፤ አጎቷ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ የሳል መድኃኒት ይቀምማሉ። ሁለት አዋቂዎች ሲጣሉ ዓይቶ ማለፍ ነውር መሰለኝና ገባን።

ሽማግሌው ትልቅ መጥበሻ ጥደው አፈር ይቆላሉ። በዚህ ልማዳቸው የሰፈሩ ሰው «አፈር ቆዪው» ይላቸዋል። አጠገባቸው በቆርቆሮ ውስጥ አንዲት የጠወለገች ችግኝ አለች። ከጫካ ካመጧቸው ሁሉ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ጫካውም አብዛኛው ተመንጥሮ የዚህች ዓይነት አይገኝበትም፤ ይህቺ ከሞተች የሳሉ መድኃኒት ከነስሙ መጥፋቱ ነው።

«ባልዲው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አሉ ሳይነሡ።

«ኮምፖስት ነው፣ አጎቴ። የበሰበሰ ቅጠል፣ የአትክልት ልጣጭ፣ ፍግ። ችግኟን በእሱ እንትከላት።»

«ቆሻሻ በይኛ! ሕመምተኛ አፍ የሚገባ መድኃኒት ትል በሚርመሰመስበት ላብቅል?»

«ትሉ እኮ...»

«ዝም በይ! እናቴ ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ የተነቀለ ሥር ለአንዲት አራስ ሰጥታ ሴትዮዋ ሞተች። መንደሩ እናቴን ገዳይ ብሎ አገለላት። ከዚያ ወዲህ አፈር ሳልቆላ ተክዬ አላውቅም። ሰው ከምገድል ችግኝ ይሙት!»

እስከዚያ ድረስ ሽማግሌውን ግትር ብቻ አድርጌ እቆጥራቸው ነበር፤ አሁን አንጀቴን በሉት። ልጅቱ ባልዲውን አስቀምጣ በርከክ አለች።

«ፍርሃትዎ ትክክል ነው። ጥሬ ፍግና ያልበሰለ ቆሻሻ አደገኛ ነው፤ እኔም ለመድኃኒት ተክል አልጠቀምበትም። ይህ ግን ተከምሮ፣ ራሱ በራሱ ግሎ፣ እየተገላበጠ የበሰለ ነው። የበሽታ ተሕዋስያኑን ሙቀቱ ይፈጃቸዋል። ቀረብ ብለው ያሽትቱት።»

«አላሸትም።»

«እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የመድኃኒቱን ሥር ጫካ ውስጥ የሚነቅሉት ከየት ነበር?»

«ከዛፍ ሥር ነዋ!»

«ዛፉ ሥር ምን ነበር?»

«ቅጠል... የበሰበሰ ቅጠል።»

«ትልስ?»

«ነበር!» አሉ በቁጣ።

«ታዲያ የጫካውን አፈር ማን ቆላው?»

አፈሩን የሚያማስሉበት እጃቸው ቆመ። ልጅቱ አሸነፍኩ ብላ አልተኩራራችም፤ እንዲያውም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አፈር ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሉ። የበሰበሰውን ለተክሉ ምግብ የሚያደርጉት፣ ከሥሩ ጋር ተጣብቀው ውኃ የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው። ሲቆሉት ጠላቱንም ወዳጁንም አብረው ይጨርሳሉ። ችግኙ ያለ ዘመድ ይቀራል።»

«ብትሞትስ?» አሉ ቆርቆሮውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው። «ሌላ የለኝም፤ አንቺም ሌላ የለሽም።»

«ልትሞት ትችላለች፤ አልዋሽዎትም። በዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ከቆየች ግን አትተርፍም።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ሥሩ ከተነቀለ በኋላ በሚገባ ይታጠብ፣ ይፈላ። ንጽሕናው እዚያ ላይ ይጠበቅ፤ አፈሩ ግን በሕይወት ይኑር» አልኩ። ብሳሳት የሚደርስብኝ ወቀሳ ከወዲሁ ታየኝ።

እሳቱን አጠፉ። ችግኟንም ማንንም ሳያስነኩ ራሳቸው በኮምፖስቱ ተከሏት።

በማግስቱ ቅጠል ማርገፍ ጀመረች። ሽማግሌው የእህታቸውን ልጅ ማነጋገር ተዉ፤ እኔንም በሩቁ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ነበር። ምነው አፌን በያዝኩት ኖሮ አልኩ። ተስፋ በቆረጥንበት ሰሞን ግን ከግንዷ ሥር ቀንበጥ ብቅ አለ።

ዛሬ ዘሯ ጓሯቸውን ሞልቶታል። የየቤቱ የአትክልት ልጣጭ መንገድ ላይ መጣሉ ቀርቶ ወደ ኮምፖስት ጉድጓዳቸው ይገባል። ለሥር ብሎ የተረፈውን ጫካ የሚቆፍር የለም፤ ሳል የያዘውም ሰው ባዶ እጁን አይመለስም።

ባለፈው ከሌላ ሰፈር አንድ ቀማሚ ችግኝ ሊወስድ መጥቶ «አፈሩን ምን ያህል ልቁላው?» ሲል ጠየቃቸው።

ሽማግሌው ችግኙን ከነአፈሩ አነሡለት።

«አትቁላው፣ ወንድሜ» አሉት። «እኔ ንጹሕ ያደረግኩላቸው እየመሰለኝ ስንቱን ችግኝ በገዛ እጄ ገድያለሁ።»